ብሬስ ሊወልቅ ሲል የድድ ክር በሌዘር ስለማስቆረጥ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ብሬስሽ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦሽ) በሚቀጥለው ወር ይወልቃል፤ ዞረው የነበሩት ሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶችሽ ተመልሰው እንዳይዞሩ ዶክተርሽ በዙሪያቸው ያለውን የድድ ክር በሌዘር ልቁረጥልሽ ብላሻለች። ያማል ወይ፣ ድዴ ይሸሻል ወይ፣ ካሠራሁት በኋላስ ሪቴይነር (ብሬስ ከወለቀ በኋላ ጥርሱን ቦታው ላይ የሚይዘው) ይቀርልኛል ወይ ነው ያልሽው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ብሬስ የሚሠራ ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነኝ፤ ራሴም ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ብሬስ አድርጌ ይህንኑ አሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምትወስኚው ከዶክተርሽ ጋር ነው። ምን ብለሽ እንደምትጠይቂያት ግን ልነግርሽ እችላለሁ።

ከመጨረሻው ልጀምር፦ ሪቴይነሩ አይቀርም። ይቀርልሻል የሚልሽ ካለ አትመኚው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጥርስ አጥንቱ ውስጥ የሚያዘው በክሮች ነው፤ እነዚህ ጥርሱ አዲሱ ቦታው ላይ ከቆየ ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ከአጥንቱ በላይ፣ ድዱ ውስጥ ያሉት ክሮች ግን ግትር ናቸው። ጥርሱ ሲዞር አብረውት ይጠመዘዛሉ፤ ከዚያ እንደተወጠረ ላስቲክ ወደ ድሮ ቦታው ይስቡታል። ኖርዌጂያዊው ካሬ ራይታን በ1959 ባሳተመው የውሾች ጥናት ጥርሱ ለ232 ቀን ተይዞ ከቆየ በኋላ እንኳ እነዚህ ክሮች እንደተወጠሩ አገኛቸው። በ1970 ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ኤድዋርድስ ክሩን በጥርሱ ዙሪያ በምላጭ መቁረጥን አቀረበ፤ ጥርሱ በአዲሱ ቦታ እንደተያዘ ክሩ ሳይወጠር እንደገና ይያያዛል ማለት ነው። ሕመምተኞቹን ከአሥር ዓመት በላይ ተከታትሎ በ1988 ባወጣው ውጤት ዘዴው ከሁሉ በላይ የጠቀመው ለዞሩ ጥርሶች ነበር፤ ከታች ይልቅም የላይ የፊት ጥርሶች ላይ የተሻለ ሠርቷል። ስለዚህ ዶክተርሽ የመረጠችው ቦታ ትክክለኛው ቦታ ነው።

አሁን ወደ ሌዘሩ። ክሩን በመቁረጥ ረገድ ሌዘር ከምላጭ አይበልጥም። ኢራን ውስጥ ተሠርቶ በ2014 በታተመ ጥናት ያልተቆረጠላቸው ሰዎች ጥርስ ከተስተካከለው ከሩብ በላይ ወደ ኋላ ሲዞር፣ በምላጭም ሆነ ኤርቢየም በሚባለው የሌዘር ዓይነት የተቆረጠላቸው ግን ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው የተመለሰው። የታዩት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ቢሆንም በምላጩና በሌዘሩ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። የሌዘሩ ጥቅም ደም አለማብዛቱ ነው። ሌዘር ስለሆነ ብቻ ብዙ ብር ከተጨመረብሽ በምላጭ ስንት እንደሆነ ጠይቂ። ሌላም አለ፦ አንዳንድ ቦታ ምንም ሳይቆርጡ ደካማ የሌዘር ብርሃን ብቻ እናብራልሽ ይላሉ። እዚያው የኢራኑ ጥናት ላይ ረድቷል፤ በ2010 በኮሪያ ተመራማሪዎች ውሾች ላይ በተሠራው ግን ጥርሱ ይባስ ቶሎ ነው የተመለሰው። እኔ ብሆን ለእሱ ገንዘብ አላወጣም።

ይህን ደግሞ እኛ ሐበሾች ልብ ብንለው ደስ ይለኛል። ብዙ ክሊኒክ ያለው ዳዮድ የሚባለው ሌዘር ነው፤ ኃይሉን የሚስበው ደምና የቆዳ ጥቁረት ነው። ጠቆር ያለ ድድ ቶሎ ይግላል። ድዷን የተነቀሰች ደግሞ ቀለሙ ራሱ ሙቀት ይስባል። እዚህ አገር ያሉ ብዙ ሐኪሞች የተነቀሰ ድድ አይተው አያውቁም፤ እናትሽ ወይም አክስትሽ በልጅነትሽ አስነቅሰውሽ ከሆነ ቀድመሽ ንገሪያት። ኃይሉን ትቀንሳለች፣ ወይም በምላጭ ትሠራዋለች፣ ወይም ኃይሉን ጥቁረት ሳይሆን ውሃ የሚስበውን ኤርቢየም ትጠቀማለች።

ሕመሙን በተመለከተ እኔን ያመመኝ የማደንዘዣው መርፌ ነው። ከዚያ በኋላ የተቃጠለ ነገር ይሸታል እንጂ አይሰማሽም። ስፌት የለውም። ለጥቂት ቀን ድዱ ይቆስላል፤ ለስላሳ ነገር ብዪ፣ በለብታ የጨው ውሃ ተጉመጥመጪ፣ ሚጥሚጣና በርበሬ ግን ይቆዩ። በጣም ያቃጥላል!

ድድ መሸሽ ላይ ስጋትሽ ልክ ነው። ጤነኛና ወፍራም ድድ ላይ ብዙ አያሰጋም። ቀጭን ድድ ያላት፣ ድሮውንም ሥሩ መታየት የጀመረባት፣ ወይም ስትቦርሽ የሚደማት ከሆነች ግን ሌላ ነገር ነው። ድዱ የሚደማ ከሆነ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ይድናል፤ ቀጭን ከሆነ ጠንቃቃ ሐኪም በከንፈር በኩል ያለውን መሐል አትነካውም። «ድዴ እዚህ ጋ ምን ያህል ወፍራም ነው?» ብለሽ ጠይቂያት፤ ለክታ ታሳይሽ። ሁለተኛው ጥያቄ ጊዜው ነው። የኔ የተሠራው ብሬሱ ሳይወልቅ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፤ ድዱ ሲድን ሽቦው ጥርሱን ይዞት ነበር። ከወለቀ በኋላ ነው የምትልሽ ከሆነ ሪቴይነሩ የዚያኑ ቀን ተዘጋጅቶ እጅሽ ይግባ።

የኔ የላይ ጥርስ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። ከታች ያልተሠራው፣ ከኋላ የተለጠፈው ሽቦ በአንድ በኩል ተላቆ ነበርና፣ ትንሽ ተደራርቧል። የታች የፊት ጥርሶች መደራረብ ከድዱ ክር ብቻ አይመጣም፤ ዕድሜ ራሱ ይገፋቸዋል። ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1981 ባወጣው ጥናት ሪቴይነር ካቆሙ ከ10 ዓመት በኋላ የታች ጥርሳቸው ደህና ሆኖ የተገኙት ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። ፍንጭት ለማስዘጋት ያደረጋችሁም፣ የእናንተ ጉዳይ የከንፈሩ ጅማት ነውና እሱን ለብቻው ጠይቁ።

ስለ ክፍያው፦ አሜሪካ ውስጥ ይህ ሥራ ዲ7291 የሚል የኢንሹራንስ ኮድ አለው፤ ዶክተሯ ለምን እንዳስፈለገ በጽሑፍ ማስረዳት አለባት። ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ቢሮው ማብራሪያውን ለኢንሹራንስሽ ልኮ መልሱን በወረቀት እንዲያመጣልሽ አድርጊ።