ስለ አባላዘር በሽታዎች የላቦራቶሪ ምርመራ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሙሉ የአባላዘር ምርመራ አድርጌ ነጻ ነህ ተብያለሁ። የሚያሠጋኝ ነገር አለ?

መልስ፦ «ሙሉ» የሚባል አንድ ምርመራ የለም። በዚህ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከክንድ በተቀዳ ደም ኤችአይቪን፣ ቂጥኝንና ሄፓታይተስ ቢን ማየት ነው፤ ጨብጥና ክላሚዲያ ግን የሚፈለጉት በሽንት ወይም በጥጥ በሚወሰድ ፈሳሽ ውስጥ ነው። የውጤት ወረቀትዎን አውጥተው ስሞቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ያልተጻፈው አልተመረመረም።

ጥያቄ፦ የቂጥኝ መርፌዬን ከጨረስኩ ዓመት አልፎኛል። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ስመረመር ግን እንደገና ፖዘቲቭ ተባልኩ። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም፤ አስቀድሞ የትኛው ምርመራ እንደተሠራ መታወቅ አለበት። ቪዲአርኤልና አርፒአር የሚባሉት የቂጥኝ የደም ምርመራዎች ተህዋሲውን ራሱን አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ሰውነት በሕመሙ ምክንያት የሚሠራውን አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን) ነው። በአርፒአር አንድ ጠብታ ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ነጭ ካርድ ላይ የከሰል ቅንጣት ካለበት የካርዲዮሊፒን ውህድ ጋር (ካርዲዮሊፒን ከበሬ ልብ ይወጣ የነበረ ስብ ነው) ተደባልቆ ለ8 ደቂቃ ይሽከረከራል፤ አንቲቦዲ ካለ ጥቁሮቹ ቅንጣቶች እንደ ቡና አተላ ይቋጠራሉ፣ ከሌለ ጠብታው ግራጫ እንደሆነ ይቀራል። የተቋጠረው ሴረም በእጥፍ በእጥፍ እየቀጠነ ይደገማል፤ መጨረሻ የተቋጠረበት ቅጥነት እንደ 1፡8 ባለ ቁጥር ይጻፋል። 1፡32 የነበረው ወደ 1፡8 ከወረደ ሕክምናው ሠርቷል እንላለን፤ ከ1፡8 ወደ 1፡4 መውረዱ ግን የአንድ እርከን ልዩነት ስለሆነ ብዙ አይናገርም። ቲፒኤችኤ (ለቂጥኝ ተህዋሲ ብቻ የሚሠራውን አንቲቦዲ የሚፈልግ የማረጋገጫ ምርመራ) ደግሞ በታከመ ሰው ላይም ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ ሆኖ ስለሚቆይ ለክትትል አይረዳም። በእኔ እምነት፣ ቁጥሩ ሳይጻፍ «ፖዘቲቭ» ብቻ ተብሎ የሚሰጥ የአርፒአር ውጤት ግማሽ ውጤት ነው። የድሮውን ወረቀትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ቢቻል በዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው ዓይነት ምርመራ ያስደግሙት።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ባለቤቴ ቪዲአርኤሏ ፖዘቲቭ ወጣ፤ የእኔ ኔጌቲቭ ነው። እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ እርግዝና ራሱ፣ ወባና ሌሎችም ሕመሞች ቂጥኝ ሳይኖር ይህን ምርመራ ፖዘቲቭ ሊያደርጉት ስለሚችሉ፣ በቲፒኤችኤ መረጋገጥ ይኖርበታል። ሆኖም ቂጥኝ ወደ ፅንስ የሚተላለፍ በመሆኑ ሐኪሙ ማረጋገጫውን ሳይጠብቅ ፔኒሲሊን ቢጀምርላት አይገረሙ። ወረቀቱ ብቻውን ለትዳር ክርክር ማስረጃ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከተጋለጥኩ በሁለት ሳምንቴ ኤችአይቪ ኔጌቲቭ ነኝ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የሚያየው አንቲቦዲን ስለሆነ 3 ወር ሲሞላዎ ይድገሙት። ገና 72 ሰዓት ያልሞላው ሰው ግን ምርመራውን ቀጠሮ አድርጎ ሳይጠብቅ፣ የመከላከያ መድኃኒት ለመጠየቅ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፤ ፈሳሼ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ጨብጥ የለም ተባልኩ፤ ምልክቱ ግን አለቀቀኝም።

መልስ፦ ፈሳሽ ባለው ወንድ ላይ ግራም ስቴይን (ፈሳሹን በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት) አስተማማኝ ነው፤ ተህዋሲው በነጭ የደም ሴል ውስጥ ፊት ለፊት እንደተጋጠሙ ሁለት የባቄላ ፍሬዎች፣ ሮዝ ሆኖ ይታያል። በሴቶች ላይ ግን ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉን ሊስት ይችላል። የዘረመል ምርመራ ከተገኘ እሱ ይሻላል፤ ካልተገኘ፣ በአገራችን እንደተለመደው፣ ሐኪሙ ከምልክቱ ተነሥቶ ቢያክምዎ ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ለክላሚዲያ ሽንት እንዴት ልስጥ?

መልስ፦ ቢያንስ 1 ሰዓት ሳይሸኑ ይቆዩና መጀመሪያ የሚወጣውን ሽንት ይቅዱ፤ መካከለኛውን አይደለም። ከሕክምና በኋላ ደግሞ 4 ሳምንት ሳይሞላ አይድገሙት፤ የሞተው ተህዋሲ ዘረመል ውጤቱን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል።