አሮጌ ሌክሰስ፣ ረጅም መንገድ፦ ስለ ጂኤክስ 470 ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ነሐሴ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከኦሮራ ኮሎራዶ ተነስተን ዩታ በረሃ ደርሰን ተመለስን። የመኪናዋን ፎቶ ካሳየሁ ወዲህ ጥያቄው አላቋርጥ አለ። የ2004 ሌክሰስ ጂኤክስ 470 ናት። አዲስ ሆና 45 ሺህ ዶላር አካባቢ ትሸጥ ነበር። እኔ 168 ሺህ ማይል ከሄደች በኋላ በ9,500 ገዛኋት። መካኒክ አይደለሁም፤ ግን አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስሯ ተኝቻለሁ። የማውቀውን ልመልስ።

ለምን ሌክሰስ? እንዲህ ያለ ቅንጡ መኪና ኮረት ላይ መንዳት አያሳዝንም?

ቆዳውንና የእንጨት ጌጡን ካነሳህለት ከስር የምታገኘው ቶዮታ ፕራዶ ነው። አገር ቤት ፕሮጀክት ላይ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው፣ 120 የሚባለው። በጠንካራ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ፣ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚጎትት፣ ለዳገትና ለድንጋይ ከባድ ማርሽ ያለው። በዚያ ላይ 4.7 ሊትር ቪ8 ሞተር አለው። አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እስከ 2009 ሞዴል ድረስ የተሸጠው በፕራዶ ስም ሳይሆን በሌክሰስ ነው።

ቅንጡ መሆኑም ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያደርሱበት የኖሩ፣ ዘይት በጊዜው የሚቀይሩ ሰዎች ናቸው። ያሳዝናል ላልከው፣ መጀመሪያ ቀን ቁጥቋጦ በሩን ሲጭረው ሆዴ ተላወሰ። ሁለተኛውን ልብ አላልኩትም።

ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ሻንሲውን። ሌላው ሁሉ ይቀየራል፣ ዝገት የበላው ሻንሲ ግን አይቀየርም። የእጅ ባትሪ ይዘህ ከስር ግባ። በተለይ የኋላ ጎማዎች አካባቢ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርግ። ቅርፊት ካራገፈ አመስግነህ ሂድ። ክረምት መንገድ ላይ ጨው ከሚነሰነስባቸው ክልሎች የመጣ መኪና ላይ ይሄ ብዙ ነው። ከቴክሳስ ወይም ከአሪዞና የመጣ ካገኘህ ትንሽ ጨምረህም ቢሆን ውሰድ።

ቀጥሎ ታይሚንግ ቤልት፣ የሞተሩን ውስጥ በጊዜው የሚያዞረው ቀበቶ። በ90 ሺህ ማይል ይቀየራል። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለህ ደረሰኙን ጠይቅ። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለህ ዋጋ ቀንስ። ስትቀይር የውሃ ፓምፑንም አብረህ ቀይር፤ ጉልበቱ አንድ ነው።

ሦስተኛው ራዲያተር ነው። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዝበት ክፍል እዚያው ራዲያተሩ ውስጥ ነው። አርጅቶ ውስጡ ከተሰነጠቀ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ክዳኑን ስትከፍት በወተት የተመታ የእንጆሪ ጭማቂ የመሰለ ነገር ካየህ ካምቢዮው አደጋ ላይ ነው። እኔ ምንም ሳይሆን በፊት ቀየርኩት። ሃያ ዓመት የሠራ ፕላስቲክ ላይ ልጆቼን ይዤ በረሃ አልገባም።

ከ2003–2004 ያለው ሞተር 235 የፈረስ ጉልበት፣ ከ2005 ጀምሮ ያለው 270 አካባቢ ነው። ግን ከ2005 ወዲህ ያሉት፣ ሞተር ሲነሳ ለጭሱ ንጹህ አየር የሚነፋ ተጨማሪ ፓምፕ አላቸው። እሱ ሲበላሽ መኪናው ጉልበት ይቀንሳል፤ ጥገናውም ውድ ነው። ለዚህ ነው 2004 የመረጥኩት። ስትቆም ወይም ስትነሳ ከስር «ጓ» ቢል ግን አትደንግጥ። ብዙ ጊዜ ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ ግሪስ ፈልጎ ነው።

5 ሺህ ዶላር አለኝ። የጣሪያ ድንኳን ልግዛ ወይስ ዊንች (የተያዘ መኪና በገመድ ስቦ የሚያወጣውን)?

ሁለቱንም አትግዛ። ወንድሜ፣ ፎቶ ላይ የሚያምረውና መንገድ ላይ የሚያደርስህ ለየቅል ናቸው።

እኔ ገንዘቤን ያወጣሁት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ታይሚንግ ቤልትና ራዲያተር። ከዚያ ፍሬን፣ የፊት እግር ጎሚኒዎች፣ የሞተርና የካምቢዮ የዲፈረንሺያልም ዘይት በሙሉ። ከዚያ ጎማ። ከዚያ ሞላና አሞርዛተር። ያን ጊዜ ገንዘቡ አልቆ ነበር። የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረግነው መሬት ላይ በሚተከል ርካሽ ድንኳንና ከቤት በወጣ ብርድ ልብስ ነው። ምንም አልጎደለብንም።

የጣሪያ ድንኳን ከ50 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። ያ ሁሉ ክብደት አናት ላይ ነው። ጎን ለጎን ያዘመመ መንገድ ላይ ስትሆን ትዝ ይልሃል። ዳቦ ለመግዛት ከተማ ልወርድ ብትል ደግሞ ቤትህን አጣጥፈህ ነው።

የኋላው የአየር ሞላ ጠዋት ጠዋት ይወርዳል። ልጠግነው ወይስ ላውጣው?

አውጣው። የአየር ከረጢቱ ጎማ ነው፤ ከዕድሜ ጋር ይሰነጠቃል፣ ብርድ ደግሞ ያባብሰዋል። ጭነት ለምትጭንበት መኪና የብረት ሞላ አስገባ። ስትገዛ ግን «ስንት ኢንች ከፍ ያደርገዋል?» ብቻ ብለህ አትጠይቅ። ሁልጊዜ ስንት ኪሎ ትጭናለህ የሚለውን መልስ። ባዶውን ለሚሄድ መኪና ለ200 ኪሎ የተሠራ ሞላ ካስገባህ ወገብህ ይፈርዳል። ዳሽቦርድ ላይ መብራት ሊበራ ይችላል፤ ኮምፕረሰሩን በአግባቡ ካለያየኸው ችግር የለውም።

ጎማስ? ባለ 33 ኢንች ይገባል?

ይገባል፤ ግን ትቆርጣለህ። ከፋብሪካ የሚመጣው 265/65 ባለ 17 ነው። 265/70 ብታደርገው ቁመቱ 31.6 ኢንች ይሆናል፤ ያለ ብዙ ጣጣ ይቀመጣል። 285/70፣ ማለትም 33ቱን፣ ስትል ግን መሪ ስታዞር ከሻንሲው ጋር ይነካካል፣ ብረት መቁረጥና መበየድ ይመጣል። ጎማው ከበደ ማለት ደግሞ ፍሬኑም ነዳጁም ከበደ ማለት ነው። እኔ 265/70 ላይ ቆሜያለሁ፤ ያልደረስኩበት ቦታ የለም።

ከጎማ መጠን በላይ የሚጠቅምህ አየር መቀነስ ነው። ፒስታ ላይ ወደ 20 ፒኤስአይ፣ አሸዋ ላይ ወደ 15 ውረድ። መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል። አስፋልት ከመግባትህ በፊት ግን መልሰህ ንፋ። ስለዚህ ትንሽ ኮምፕረሰር ያስፈልግሃል።

ክብደት ክብደት ትላለህ። ቪ8 አይደል እንዴ፣ ምን ያደርገዋል?

ሞተሩ ይጎትታል። የሚያቆመው ፍሬን ነው። የሾፌር በሩን ክፈትና ምሰሶው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ፤ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ ይነግርሃል። የሚቀጥለውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ማንንም አልወቅስም። በሁለተኛው ዓመት የብረት ፓራውልት (የፊት መከላከያ)፣ ፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ)፣ መሳቢያ፣ 40 ሊትር ውሃ፣ ሁለት ጀሪካን ነዳጅ ጫንኩ። መኪና መመዘኛ ላይ ወጣሁ። ከተፈቀደው 130 ኪሎ አልፌ ነበር፤ ያውም ልጆቹ ሳይገቡ።

ፓራውልቱን ሸጥኩት። ጀሪካኖቹንም ተውኩ። የነዳጅ ታንኩ 23 ጋሎን ይይዛል። ዝቅ ብለን ብናስብ፣ በመጥፎ መንገድ በጋሎን 10 ማይል ብንል እንኳ 230 ማይል ነው። ዩታ ያለው ዋይት ሪም መንገድ ራሱ 100 ማይል ያህል ነው። ውሃ ግን አትቀንስ። እዚያ መንገድ ላይ ጠብታ የለም። ፈቃድም ቀድመህ አውጣ፤ ለአንድ ቀን ብቻ ብትሄድም ያስፈልጋል።

ፍሪጅ ባትሪዬን ይጨርሰዋል?

የሞተሩን ባትሪ ከተጠቀምክ፣ አዎ፣ ጠዋት አትነሳም። ለብቻው ሊትየም ባትሪ ያዝ፣ ሊትየም ብረት ፎስፌት የሚባለውን። አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ በቀን ከ25 እስከ 50 አምፔር ሰዓት ይበላል፣ እንደ ሙቀቱ። 100 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ሁለት ቀን ያቆይሃል። ይህ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ስለዚህ ጣሪያ ላይ ወይም ውጭ አታስቀምጠው።

ልጄ፣ እኔ ስድሳ አልፌያለሁ። ጡረታ ወጥቼ ባለቤቴን ይዤ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ልወጣ አስባለሁ። መኪናዬ እንደ አንተው ናት። ከፍታው ያስቸግራል?

ጋሼ፣ መኪናዋን ትንሽ፣ እርስዎን ደግሞ እንደ ጤናዎ። አልፓይን ሉፕ የሚባለው 65 ማይል መንገድ ኢንጂነር ፓስ ላይ 12,800 ጫማ ይደርሳል፤ 3,900 ሜትር መሆኑ ነው። ሰሜን ተራሮች ጨነቅ ካምፕ ሄደው ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፣ ስለዚህ አናት ላይ ከሲሶ በላይ ጠፍቷል። አይረግጡት፤ በከባዱ ማርሽ ቀስ ብላ ትወጣለች።

የሚያሳስበው ቁልቁለቱ ነው። ፍሬን ይዘው ከወረዱ ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። ሊማሊሞን በጭነት መኪና የወረዱ ሾፌሮች የሚያደርጉትን ያድርጉ፦ በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ነዳጅ ሲቀዱ ደግሞ እዚህ ርካሹ ቤንዚን ባለ 85 ኦክቴን ነው፤ እሱን ይተዉት። ሐኪምዎን ያማክሩ፤ መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ዝቅ ያለ ከተማ ይደሩ።

ብቻዬን መሄድ እፈልጋለሁ። ሴት ነኝ። እብደት ነው?

አይደለም እህቴ። ግን ስልክ የማይሠራበት ቦታ ስለምትገቢ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ያዢ። አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ ያሉትም ለአደጋ ጊዜ በሳተላይት ይልካሉ። መንገድሽንና የምትመለሺበትን ሰዓት አንድ ሰው ይወቅ። ብቻሽን ስትሆኚ መኪናው ውስጥ መተኛት ከድንኳን ይሻላል፤ የማትወጂው ነገር ከመጣ ቁልፍ አዙረሽ መሄድ ነው። የሦስተኛውን ረድፍ ወንበር አውጪ፣ ሁለተኛውን እጠፊ፣ ጣውላ አንጥፊ።

መኪናሽ አሸዋ ወይም ጭቃ ውስጥ ከተያዘች ደግሞ በአካፋ ቆፍረሽ፣ የጎማ መወጣጫ ሰሌዳ አስገብተሽ ራስሽ ውጪ። ሌላ መኪና ሊጎትትሽ ቢመጣ የተጎታች ማያያዣው ኳስ ላይ ገመድ እንዳያስር። ኳሱ ሲበጠስ እንደ ጥይት ነው፣ ሰው ገድሏል።

ሠርቼ ጨርሼ አዲስ አበባ ብልከውስ?

አይሆንም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። አገር ቤት ያለህ ወንድምህ ግን 120 ፕራዶ ካለው እዚህ ያወራነው የሞላም የክብደትም ነገር ለእሱም ይሠራል። ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣው ከሆነ ከሞላ በፊት የነዳጅ ማጣሪያውንና ኢንጄክተሩን ያስመርምር። አፋር ሊወርድ ካሰበም ራዲያተሩን።

የመጨረሻ፣ ቡና እንዴት ታፈላላችሁ?

ይሄ ነው ጥያቄ! በከሰል አይሆንም፤ በደረቁ ወቅት እዚህ እሳት ማንደድ ብዙ ጊዜ ይከለከላል። ጋዙን መዝጊያ ቁልፍ ያለው ምድጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። የዚህች መኪና የኋላ በር ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፤ ሁሉም ያማርራል፣ ዝናብ አይከልልም እያለ። እኔ በሩ ላይ ታጣፊ ጠረጴዛ በስክሩ አሰርኩበት። ምድጃው እዚያ፣ ረከቦቱ እዚያ። ጀበናዋ የሸክላ ስለሆነች በልጆቹ ፎጣ ተጠቅልላ ነው የምትጓዘው። እስካሁን አንድ ጆሮ ብቻ ነው የተሰበረብን፣ እሱም ቤት ውስጥ ዕቃ ስናወርድ።