የዲያዜፓም መርፌ ውሃ ሲነካው ለምን ይደፈርሳል?

ጥያቄ፦ ደጀን አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። የሚንቀጠቀጥ ሕፃን መጥቶ፣ መጠኑን ለመለካት እንዲቀለኝ ብዬ ዲያዜፓሙ ላይ የመርፌ ውሃ ብጨምርበት ወዲያው ነጥቶ ደፈረሰ። ባልደረባዬ አስደፍታኝ ሌላ ቀዳች። መድኃኒቱ ድሮም ፈሳሽ አይደለም ወይ? ውሃ ምን አደረገው?

መልስ፦ እህቴ፣ ባልደረባሽ ደግ አድርጋለች፤ የደፈረሰ መርፌ ደም ሥር ውስጥ አይገባም። ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥተሽ አንብቢ። በብዙዎቹ ላይ ፕሮፒሊን ግላይኮል (መድኃኒት የሚያሟሟ ፈሳሽ) 40 በመቶ፣ አልኮል 10 በመቶ ይላል። ምስጢሩ እዚያ ነው።

ዲያዜፓም በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ0.05 ሚሊ ግራም ብዙም አልፎ አይሟሟም። አምፑሉ ውስጥ ግን በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም አለ፤ መቶ እጥፍ መሆኑ ነው! ይህን ሁሉ የተሸከመው ድብልቁ ነው።

ማንኛውም ፈሳሽ በውስጡ ያሉ የኤሌክትሪክ ቻርጆችን መሳሳብ የሚያዳክምበት አቅም አለው፤ መለኪያው ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት ይባላል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውሃ 78፣ የፕሮፒሊን ግላይኮል 32፣ የኤታኖል (የአልኮሉ) 24 ገደማ ነው። ጨው በውሃ የሚሟሟው ውሃ በዚህ ብርቱ አቅሙ ቅንጣቶቹን ስለሚያለያያቸው ነው። ቅባት የሚስማማውን ዲያዜፓምን ግን፣ እርስ በርሳቸው አጥብቀው የተያያዙት የውሃ ሞለኪውሎች አያስገቡትም፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ድብልቅ ግን ይቀበለዋል።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ በእርሳስ አሠራቸዋለሁ፤ አንቺም የድብልቁን ቁጥር አስሊው፤ የቀረውን ግማሽ በግምት እንደ ውሃ ቁጠሪው። ከ32 ላይ 40 በመቶ፣ ከ24 ላይ 10 በመቶ፣ ከ78 ላይ 50 በመቶ ወስደሽ ስትደምሪ 54 አካባቢ ይመጣል። አንዱን እጅ መድኃኒት በዘጠኝ እጅ ውሃ ብታቀጥኚው ቁጥሩ ወደ 76 ይወጣል፤ ከንጹሕ ውሃ ምንም ያህል አልራቀም። በሚሊ ሊትር ውስጥ ግን ገና 0.5 ሚሊ ግራም አለ። መሟሟት ከሚችለው በላይ ያለው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ኡዞ የሚባለው የአኒስ መጠጥ ላይ ውሃ ሲጨመር የሚነጣውም የአኒሱ ዘይት እንዲሁ ስለሚሆን ነው።

ስሌቱ ግምት ነው። እኩል ቁጥር ያላቸው ሁለት ድብልቆች አንዱን መድኃኒት እኩል ላያሟሙት ይችላሉ፤ ሃይድሮጅን ቦንድ የሚባለው የሞለኪውሎች መሳሳብና የሞለኪውሉ ቅርጽም ድርሻ አላቸው። መድኃኒት ቀማሚ ከየት መጀመር እንዳለበት ለማወቅ ግን ይህን የመሰለ መሪ የለም ባይ ነኝ።

ለሕፃን መጠኑ ሲያንስብሽ ውሃ አትጨምሪ። በባለ አንድ ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እንዳለ ቅጂው፤ ደም ሥር ካልተገኘም በፊንጢጣ ይሰጣል። ከሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ ሲሪንጅ አትቀላቅይው።