ፔፐር ፈላጊው ኮድሽ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጠያቂዬ ደሴ የምትኖር የፊዚክስ ምሩቅ ናት። ኤአይ ኤጀንቶች (የተሰጣቸውን ሥራ በራሳቸው የሚያከናውኑ የኤአይ ፕሮግራሞች) ኢንስፓየር፣ አርካይቭና የናሳ ኤዲኤስ የሚባሉ የሳይንስ ጽሑፍ ዳታቤዞች ላይ ገብተው የፊዚክስ ፔፐር የሚፈልጉበት ትንሽ ቱል በፓይተን ሠርታለች። ሐይቅ ላይ የመምህርነት ቦታ ተገኝቶላታል። እናቷ «የመጣን እንጀራ አትግፊ» ይሏታል፤ ጓደኞቿ «ፊዚክሱን ተይውና ፕሮግራመር ሁኚ» ይሏታል። ማንን ልስማ፣ ቱሉንስ ሲቪዬ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው ነው ጥያቄዋ።

አብሽሪ እህቴ። እናትሽን ስሚያቸው፤ የጓደኞችሽን ግን ቀንሰሽ ስሚው።

የላክሽውን ኮድ ከፍቼ አየሁት። ጥያቄ ይቀበላል፣ ወደ ኤፒአዩ (ፕሮግራም ዳታቤዙን የሚጠይቅበት በር) ይልካል፣ ርዕስና አብስትራክት (የፔፐሩን አጭር ማጠቃለያ) ይዞ ይመለሳል። ደህና ነው። ግን ይህን ያህሉን ዛሬ ኤአዩ ራሱ አቦሉ ተቀድቶ በረካው ሳይደርስ ይጽፈዋል። «ኮድ እጽፋለሁ» ብለሽ ብቻ ከወጣሽ ሰልፉ ረጅም ነው። አንቺ ያለሽ ሌላ ነው፦ የመጣው ፔፐር የተጠየቀው መሆን አለመሆኑን አይተሽ ታውቂያለሽ።

ለምሳሌ «የሂግስን የ1964 ፔፐር አምጣ» በይው። ፊዚሲስቱ ፒተር ሂግስ በዚያ ዓመት (እ.ኤ.አ.)፣ ቅንጣቶች መጠነ ቁስ (ማስ) እንዴት እንደሚያገኙ በሚለው ጉዳይ ላይ ያወጣው ሁለት አጫጭር ጽሑፍ ነው፤ አንዱ ፊዚክስ ሌተርስ ቅጽ 12 ገጽ 132፣ ሌላው ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ ቅጽ 13 ገጽ 508። ዳታቤዝ የማያይ ኤአይ የአንዱን ቅጽ ከሌላው ገጽ ጋር አጋብቶ፣ ምንም ሳያፍር፣ የሌለ ማጣቀሻ ሊያቀርብልሽ ይችላል። ዳታቤዝ የሚያየው ደግሞ አንዱን አምጥቶ ጨረስኩ ሊል ይችላል። ኤንግለርትና ብራውት የሚባሉ ፊዚሲስቶች ያንኑ ሐሳብ በዚያው ዓመት ቀድመው ማሳተማቸውንስ ማን ያስታውሰዋል? ያንቺ ሥራ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ 30 ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በእጅሽ አዘጋጂ፣ ቱሉን ፈትኚበት፣ የሳተውንም ሳትደብቂ ጻፊው።

አንድ የከበደ ስህተት ደግሞ አለብሽ። ኢንስፓየር ከአንድ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመር መለያ ቁጥር) በ5 ሴኮንድ ውስጥ ከ15 ጥያቄ በላይ አያስተናግድም፤ አርካይቭም በየጥያቄው መካከል 3 ሴኮንድ እንድትጠብቂ ይፈልጋል። ኤጀንት ግን ትዕግሥት የለውም፣ ያከታትላል። ብዙ ሰው በሚጋራው ዋይፋይ ላይ ከሆንሽማ ኮታው ያንቺ ብቻ አይደለም። ሲከለከል 429 («ጥያቄ አበዛህ» ማለት ነው) የሚል ምላሽ ይመጣል፣ ያንቺ ኮድ ይህን ይውጠውና ባዶ ዝርዝር ይመልሳል። ኤጀንቱ ምን ይላል? «በዚህ ርዕስ የተጻፈ ፔፐር የለም»። በር ተዘግቶበት የተመለሰ ሰው «ቤቱ ውስጥ ሰው የለም» እንደማለት ነው። ሁለቱን ለይተሽ መልሺ። አንዴ የመጣውንም ኮምፒውተርሽ ላይ አስቀምጪው፤ የኔትወርካችንን ነገር አንቺው ታውቂዋለሽ።

የደራሲ ስምም አለ። መሐመድን በላቲን ስንት ዓይነት እንደምንጽፈው የወሎ ልጅ አይነገራትም። በዚያ ላይ ዳታቤዙ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዘዋል፤ እኛ ዘንድ ግን የአባት ወይም የአያት ስም ነው። በስም ብቻ የሚፈልግ ቱል የእኛን ሰዎች ሥራ ከሌላ ሰው ጋር ይቀላቅላል ወይም ይበታትናል። ስለዚህ በኢንስፓየር የደራሲ መለያ ወይም በኦርኪድ ቁጥር (ለእያንዳንዱ ተመራማሪ በሚሰጥ መለያ) ይፈልግ። ይህን ችግር ሌላ አገር ያለ ፕሮግራመር ላያስበው ይችላል፤ አንቺ ግን ኖረሽበታል።

ሲቪሽ ላይ «የኤአይ ባለሙያ» አትበይ፤ ጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ይይዝሻል። እንዲህ በይ፦ «ኤአይ ኤጀንቶች ከሦስት ዳታቤዝ የፊዚክስ ፔፐር የሚፈልጉበት ቱል ሠርቼ፣ በራሴ ባዘጋጀኋቸው 30 ጥያቄዎች ፈትሻለሁ።» ከሥሩ ስንቱን እንዳገኘ፣ ስንቱን እንደሳተ ቁጥሩን አስቀምጪ። በዚህ መስክ ከኮድ ጸሐፊ ሌላ የፔፐር መረጃ የሚያርሙና የሚያጠሩ ሰዎችም ይሠራሉ፤ ኢንስፓየርን ሰርን፣ ዴዚ፣ ፌርሚላብና ስላክን የመሰሉ የፊዚክስ ምርምር ተቋማት በጋራ ሲያስተዳድሩት ይህም የሥራው አካል ነው። ማስታወቂያ ስታዪ ይህንንም ፈልጊ።

የሐይቁን ሥራ ያዢው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደመወዝ አለው፣ ማታ ማታም ጊዜ ይተርፍሻል። ኤሌክትሮማግኔቲዝምን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስታስረጂ ደግሞ ያላወቅሽው ይገለጥልሻል፤ እኔ አስተምሬ አይቼዋለሁ። ጎን ለጎን ለአይሲቲፒ የዲፕሎማ ፕሮግራም አመልክቺ። ፓኪስታናዊው ፊዚሲስት አብዱስ ሰላም ጣሊያን ትሪየስት ላይ ያቋቋመው የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ነው (እሱም በ1964፣ አጋጣሚ ነው)። ዲፕሎማው አንድ ዓመት ነው፣ ከታዳጊ አገር ለሚሄዱ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው፣ ለፒኤችዲ መንደርደሪያ ይሆንሻል።

በመጨረሻ፣ የኤዲኤስ ቶክንሽን (ወደ ዳታቤዙ የምትገቢበትን የሚስጥር ቁልፍ) ኮዱ ውስጥ ትተሽዋል፣ መስመር 14 ላይ። ኮድ ለሰው በሚጋራበት ጊትሃብ ላይ ከመጫንሽ በፊት አውጪው፤ እኔም ስላየሁት አዲስ ቀይሪ።