መልስ፦ ገዳም ውስጥ በምን ይኖራሉ?

ሰላም ወንድሜ። "ከተማ ሰለቸኝ፣ ገዳም ገብቼ ተፈጥሮን ሳልጎዳ መኖር እፈልጋለሁ፣ መነኮሳቱስ በምን ይተዳደራሉ?" ላልከው፣ መጀመሪያ የገዳሙን ዓይነት ለይ። በአንድነት ገዳም የግል የሚባል ነገር የለም፤ ማሳው፣ ቀፎው፣ ጎተራው የሁሉም ነው፣ ሥራውን አበምኔቱ (የገዳሙ አለቃ) ያዛል፣ ማዕዱም አንድ ነው። በቁሪት ግን እያንዳንዱ መነኩሴ ድርሻውን ይዞ ለብቻው ይኖራል። ላንተ የሚሆንህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ደሞ ጸሎት ብቻ እንዳይመስልህ። ውኃ መቅዳት አለ፣ እንጨት መልቀም አለ፣ አረም አለ። ከቀፎው ማሩ ይበላል ወይ ይሸጣል፣ ሰሙ ጧፍ ይሆናል፤ የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዋልድባ ገዳም ከሄድክማ እህል ጭራሽ አይቀመስም፣ ምግቡ ከሙዝ የሚሠራ ቋርፍ ነው (ሆድህ ይችለው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ)።

እኔን የሚገርመኝ ደኑ ነው። ጎጃምና ደቡብ ጎንደር ውስጥ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ አልቆ፣ ያገር በቀል ወይራና ጽድ ቆሞ የምታየው በብዛት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ የቅጥሩን ዛፍ መቁረጥ ነውር ስለሆነ። ግን አታጋንነው። ከብት ገብቶ ቡቃያውን ይበላል፣ አንዳንዱ ጋ ለገቢ ተብሎ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። በድንጋይ ካብ ያጠሩት ጋ ግን ችግኙ መልሶ እየበቀለ ነው።

ዝም ብለህ ሻንጣ ይዘህ አትሂድ። ለንስሐ አባትህ ንገር፣ ከዚያ ክረምት ላይ ለጥቂት ሳምንት ለማገልገል ግባ፤ ሥራ የሚበዛው ያኔ ነው።