ለማይለቅ ድባቴ የማግኔት ሕክምና፦ ካርታው እስኪገኝ አትጠብቁ

ለታናሽ ወንድሜ ሁለተኛው መድኃኒትም አልሠራ ሲል ሐኪሙ የማግኔት ሕክምና አነሳ። ከክሊኒኩ ስንወጣ «ጭንቅላቴን በኮረንቲ ሊመቱኝ ነው እንዴ?» አለኝ። ብዙዎቻችሁም ይሄንኑ ስለምትፈሩ ከዚሁ ልጀምር። ቲኤምኤስ የሚባለው ይህ ሕክምና ጭንቅላት ላይ በሚያዝ ማግኔት አንጎልን ያነቃቃል እንጂ እናንተ የምታስቡት ዓይነት ኮረንቲ አይደለም። ማደንዘዣ የለውም። ሲያልቅ ተነስታችሁ ወደ ሥራችሁ ትሄዳላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለድባቴ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አብሬው ገብቼ አይቻለሁ። ባለሙያዋ መሣሪያውን በግራ በኩል ጭንቅላቱ ላይ እያንቀሳቀሰች ቀኝ እጁን ትመለከታለች። ድንገት አውራ ጣቱ ዘለል አለ። እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። እጅን የሚያዘው የአንጎል ክፍል እዚያ ጋ ነው ማለት ነው። ከዚያ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ፊት ለክታ ሕክምናው የሚሰጥበት ቦታ ላይ ምልክት አደረገች። መሣሪያው ሲጀምር ግንደ ቆርቁር ግንድ ሲመታ ይመስላል። የጆሮ መድፈኛ ይሰጣሉ።

አሁን «የአንጎል ግንኙነት ካርታ» ወደሚባለው ልምጣ። ማግኔቱ ከራስ ቅል በታች ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚደርሰው። ከድባቴ ጋር በጣም የተያያዘው ቦታ ግን ጥልቅ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪው ማይክል ፎክስና ባልደረቦቹ አንድ ነገር አሳዩ፦ ከግራ ግንባር በስተጀርባ ያለው ላይኛው የአንጎል ክፍልና ያ ጥልቅ ቦታ እንደ ሚዛን ናቸው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ይህ ተቃራኒነት የጠነከረበት ነጥብ ላይ ሲመታ ሕክምናው የተሻለ ሠርቷል። ነጥቡ ከሰው ሰው ስለሚለያይ የአንጎልን ምስል በሚያነሳው ኤምአርአይ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ካርታ የሚባለው ይሄ ነው።

አሜሪካ ያለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ካርታ እየተመሩ በቀን 10 ጊዜ፣ ለ5 ቀን ሰጡ። 29 ሰው በተሳተፈበት ጥናት እውነተኛውን ሕክምና ካገኙት 79 በመቶ ያህሉ ድባቴው ለቀቃቸው። የማስመሰያውን ካገኙት 13 በመቶ ያህሉ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ፈቀደው። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን ልብ በሉ፣ እዚያ ካርታው ብቻ አይደለም አዲሱ፤ መጠኑም ፍጥነቱም ተቀይሯል። የትኛው እንደሠራ ከዚህ ጥናት አይለይም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ 255 ሰው የተካፈለበት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ። ለግማሹ ቦታው በግንኙነት ካርታ ተመረጠ፣ ለግማሹ የተለመደው ቦታ ተወሰደ። ሁለቱም ወገን ተሻላቸው፣ ለወራትም ቆየላቸው። በመካከላቸው ግን ልዩነት አልታየም።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ክሊኒክ ለወንድሜ ካርታውን ከኢንሹራንስ ውጪ በብዙ ሺህ ዶላር አቀረበለት። እሱም «ዕቁቤ ሲደርሰኝ እጀምራለሁ» አለ። ተራው የሚደርሰው ከሰባት ወር በኋላ ነበር! ሰው አልጋ ላይ እየዋለ ሰባት ወር እንዴት ይጠብቃል? ተጣልተን ማለት ይቻላል፣ ኢንሹራንሱ የሚሸፍነውን የተለመደውን አስጀመርኩት። በሳምንት አምስት ቀን፣ ስድስት ሳምንት። አራተኛው ሳምንት ላይ ሳልቀሰቅሰው ተነስቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ካርታው በኢንሹራንስ ወይም በጥናት በነፃ ከተገኘ እሰየው፣ ውሰዱት። ካልተገኘ ሕክምናውን አታዘግዩ። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ሰው ደግሞ ቲኤምኤስንም አይጠብቅ፤ አሜሪካ ያላችሁ በዚያው ሰዓት ለእንዲህ ዓይነት ጭንቅ ወደተዘጋጀው የስልክ መስመር፣ 988 ደውሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሳትደብቁ ተናገሩ። ጦር ግንባር የነበራችሁ፣ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ካለ መንገር ግዴታ ነው፤ ማግኔትና ብረት አይስማሙም። የሌሊት ሽፍት የምትሠሩ እንቅልፋችሁን፣ የምትጠጡም መጠጣችሁን ንገሯቸው። በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ ደግሞ አደጋውን ይጨምራሉ። እህቶች፣ ወፍራም ሹሩባና ዊግ መሣሪያውን ከራስ ያርቀዋልና ቀድማችሁ ጠይቁ። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም አታቋርጡ።

አስተርጓሚም ጠይቁ። አሜሪካ ሆስፒታሎች በነፃ ያቀርባሉ። ልጃችሁን ግን ለዚህ አታስገቡ። የእናቱን «መኖር አስጠላኝ» ለሐኪም የሚተረጉም የአሥር ዓመት ልጅ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ፊቱ ከዓይኔ አልጠፋም።