ናኩሩ ከመሄዳችሁ በፊት፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

በነሐሴ ኬንያ፣ ናኩሩ ከተማ ወደሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ ለሁለት ሳምንት አገልግሎት የምትሄዱ የሐዋሳ ወጣቶቻችን ጥያቄያችሁን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ሰጥታችሁኛል። እኔ ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ሦስት ጊዜ ከአገር ወጥቻለሁ፤ ሙያዬም ከሕፃናት ጋር ነው። የምችለውን ያህል መልሻለሁ።

እህታችን፣ ከሁሉ አስቀድመን ምን እንጨርስ?

ፓስፖርት። ያላችሁም የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ገና ስድስት ወር የሚቀረው ቢሆን ይመረጣል። ቀጥሎ የቢጫ ወባ ክትባት። የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አትተዉት። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። አደራ፣ እንዳትጥሉት።

ሦስተኛው ከወንጀል ነጻ መሆናችሁን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ ነው። አንዳችሁ «እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች አይደለንም እንዴ?» ብላችኋል። ናችሁ። ልጆቹ ግን አያውቋችሁም፤ ሊጎዳቸው የሚፈልግ ሰውም ሲመጣ እንደናንተው ፈገግ ብሎ ነው። ማንነታችሁን ሳያጣራ በሩን የሚከፍትላችሁ ማሳደጊያ ካለ፣ ለሌላውም እንዲሁ ይከፍታል ማለት ነው። እዚያ አትሂዱ።

ልጆቹን ቶሎ ለመቅረብ ምን እናድርግ?

ይሄን ጥያቄ አምስት ሰው ጽፎታል፤ እኔም በጊዜዬ ጠይቄዋለሁ።

በመጀመሪያ ጉዞዬ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ ገና በሩን ስገባ ሮጣ እግሬን አቀፈችው። ደስ አለኝ። ለአሥር ቀን ከጭኔ አልወረደችም። የሹራቤን ቁልፎች በጣቷ እየነካካች በስዋሂሊ ትቆጥራለች፦ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ። አራተኛው ቁልፍ ወልቋል። እዚያ ስትደርስ ባዶውን ክር ይዛ ቀና ብላ ታየኛለች። የምንሄድ ቀን ተሰናበትኳት። አላለቀሰችም። ሞግዚቷ፣ «ለምዳዋለች፤ ዘንድሮ ብቻ አራት ቡድን መጥቶ ሄዷል» አለችኝ።

ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያገኘውን እንግዳ ሁሉ ሮጦ የሚያቅፍ ሕፃን ብዙ ጊዜ የኔ የሚለው አንድ ቋሚ ሰው ያጣ ነው። በየጊዜው አቅፈነው በየጊዜው ስንሄድ፣ ሰው ሁሉ የሚሄድ መሆኑን እናስተምረዋለን።

ስለዚህ ሥራችሁ ሞግዚቶቹን ማገዝ ይሁን። ልብስ እጠቡ፣ አልጋ ጠግኑ፣ ግድግዳ ቀቡ፣ ሽንኩርት ላጡ። እናንተ ሰሐን ስታጥቡ ሞግዚቷ ከልጆቹ ጋር ቁጭ የምትልበት ጊዜ ታገኛለች። ኳስ መጫወት፣ መዝሙር ማስጠናት ይቻላል፤ በቡድን፣ ሞግዚት ባለችበት። ከአንድ ልጅ ጋር ብቻችሁን ክፍል ውስጥ አትግቡ። «ተመልሼ እመጣለሁ» አትበሉ። የምትሄዱበትን ቀን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ንገሯቸው።

ልጆቹ እናትና አባት የላቸውም አይደል?

አብዛኞቹ አላቸው። ሴቭ ዘ ችልድረን በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ልጆች ከአምስቱ ቢያንስ አራቱ አንድ ወላጃቸው በሕይወት እንዳለ ጠቅሷል። ማሳደጊያ የሚያስገባቸው በአብዛኛው ድህነት ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት ሕመም። የከፋም አለ። ለጋሽና ጎብኚ እንዲመጣ ተብሎ ልጅ ከቤተሰቡ የሚወሰድበት ቦታ አለ። በዚህ ምክንያት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 እ.ኤ.አ. አገሮች ሕፃናትን ከዚህ እንዲጠብቁ ጠይቋል። ኬንያም አዲስ ማሳደጊያ መመዝገብ ያቆመችው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ልጆችን ወደ ቤተሰብ የሚመልስ የአሥር ዓመት ዕቅድ አውጥታለች።

የምንሄድበትን ቤት ከመምረጣችን በፊት የጠየቅነው ጥያቄ «ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ወደ ዘመድ መለሳችሁ?» የሚል ነበር። ቁጥሩንም፣ እንዴት እንደሚከታተሏቸውም ነገሩን። ወደዚህ ቤት የምንሄደው ለዚህ ነው። እኛ ጉዲፈቻን የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ አብሮን ያድጋል። ነገሩ ሊከብደን አይገባም።

ልብስና መጫወቻ ሰብስበን እንያዝ?

አትሰብስቡ። ናኩሩ ትልቅ ከተማ ናት፣ እንደ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፤ የሚያስፈልገውን ጠይቃችሁ እዚያው ግዙ። ነጋዴውም ይጠቀማል። ደግሞ ዕቃችሁን በፌስታል አትጠቅልሉ፤ ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። የጨርቅ ቦርሳ ያዙ።

ፎቶስ?

የልጆቹን ፊት አታንሱ። የራሳችሁ ትንሽ ወንድም ሲቸገር ፎቶው ቴሌግራም ላይ ቢወጣ ምን ይሰማችኋል? የቀባችሁትን ግድግዳ አንሱ።

በሞያሌ በአውቶቡስ ብንሄድ አይረክስም?

ይረክሳል። ግን ከሐዋሳ በዲላና በያቤሎ አድርጎ እስከ ሞያሌ ብቻ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከድንበሩ ወዲያም ረጅም መንገድ አለ። ደክሞት የደረሰ ሰው ሁለት ቀን ተኝቶ ያሳልፋል። እኔ በአውሮፕላን እላለሁ።

ቋንቋ አንችልም።

ሰላምታና ምስጋና ተማሩ፤ «ሃባሪ»፣ «አሳንቴ»። የሚያስደስታችሁ ነገር ልንገራችሁ፦ ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ነው። «ሳ ሞጃ» ካሏችሁ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲነግሯችሁ ግን የፈረንጅ ሰዓት ይሆናል፤ አትደናገሩ። መንገድ ስትሻገሩም መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ፤ መኪናው የሚሄደው በግራ ነው።

የጉዞውን ብር ብንልክላቸው አይሻልም?

የጠየቅከው ልጅ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። ለአንዳንድ ቡድን አዎ፣ ይሻላል። የእጅ ሙያ ለሌለው ሰው ቲኬት ከመግዛት የሞግዚት ደመወዝ መክፈል ይበልጣል። እኛ የምንሄደው ሁለት አናጺ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛና ሁለት ነርስ ስላሉን፣ ቤቱም ራሱ ስለጠራን ነው። ቢሆንም የምንወስደውን ያህል ገንዘብ ለዚያው ቤት ለማሰባሰብ ለኮሚቴው ሐሳብ አቅርቤያለሁ።

እኔ ያደግኩት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ስም የለውም፤ የወንድ ይሁን የሴት አላወቅኩም። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ ነበር። መሄድ ከፈለግክ፣ ከፈለግሽ፣ ቦታ አለ። መቅረትም ይቻላል፤ ማንም ምክንያት አይጠይቅም። እሁድ ከፕሮግራም በኋላ በጓሮ በኩል፣ ውሃ ታንከሩ ጋ እቀመጣለሁ። ሌላ ሰው አይኖርም።